እስክስታ በጎንደር

እስክስታ ትከሻን፣ ደረትንና አንገትን በምት እያንቀጠቀጡና እየሰበቁ የሚጨፈር ባህላዊ የኢትዮጵያ ጭፈራ ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ በሰፊው የሚታወቅ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ስልት አለው። ይህ ጽሑፍ በተለይ የጎንደር ከተማንና የሰሜን ጎንደርን ደጋ እስክስታ ይመለከታል። ጭፈራው በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ «ፖፒንግ» እና «ሎኪንግ» ከሚባሉት የአሜሪካ የጎዳና ጭፈራዎች ጋር በምን እንደሚመሳሰልና በምን እንደሚለይ፣ ጀማሪም እንዴት ሊለምደው እንደሚችል ያብራራል።

ስያሜ

ቃሉ «እስክስ አለ» ከሚለው ግስ ጋር ይያያዛል። በድግስ መካከል ጨፋሪን ለማበረታታት «እስክስ!»፣ «እስክስ በል!»፣ «እስክስ በይ!» እያሉ መጮህ የተለመደ ነው። በአነጋገር ደግሞ «እስክስታ መታ» ወይም «እስክስታ ወረደ» ይባላል። «ጨፈረ» የሚለው ቃል ሰፋ ያለ ሲሆን፣ ማንኛውንም ዓይነት ጭፈራ ያጠቃልላል።

«ዘፈን» የሚለው ቃልም እዚህ ላይ መታየት አለበት። ዛሬ በከተማ አማርኛ ዘፈን ማለት በድምፅ የሚዜም ነገር ነው። በግዕዝ ግን «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ ማለት ነው፤ በገጠርም ቃሉ ዜማውንና ጭፈራውን በአንድነት ሲጠራ ይሰማል። ይህም ቃሉ፣ ምቱና የአካል እንቅስቃሴው በባህሉ ውስጥ ተነጣጥለው የማይታዩ መሆናቸውን ያመለክታል።

ስለ አመጣጡ

እስክስታ መቼ እንደተጀመረ የሚናገር የታወቀ ጽሑፍ የለም። በብዛት የሚነገር አንድ ማብራሪያ፣ የቀድሞ ሰዎች ጅራቱን የሚያንኳኳውን እባብ አይተው ትከሻቸውን ማንቀጥቀጥ ጀመሩ ይላል። ይህ ግን ሊሆን አይችልም፤ ጅራቱን እያንኳኳ የሚያስጠነቅቀው እባብ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነውና። የኢትዮጵያ ገበሬ ወይም እረኛ በአገሩ አይቶት አያውቅም።

ከዚህ ይልቅ ጭፈራው አብሮት ከሚኖረው ልማድ ጋር ቢታይ ይሻላል። በሰሜን ጎንደር ደጋ ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ የጀግንነት መግለጫዎች ናቸው። ፎካሪው ዱላውን ወይም ጠመንጃውን ይዞ እየተንጎራደደ ደረቱን ይነፋል፣ ትከሻውን ያወዛውዛል፣ አንገቱን ይሰብቃል። በሠርግና በበዓል ደግሞ እነዚሁ የአካል ክፍሎች በደስታ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ የአንዱን ከሌላው መወለድ አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ትከሻና ደረት በአካባቢው የክብር፣ የኩራትና የደስታ መናገሪያ መሆናቸውን ያሳያል።

እስክስታን ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር ማምታታት አይገባም። ጎንደር የአቋቋም ትምህርት ከሚሰጥባቸው ታላላቅ ሥፍራዎች አንዷ ናት፤ በተለይ የበአታ ለማርያም ደብር በዚህ ትምህርት ይታወቃል። ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ የሚያቀርቡት ዝማሜና ወረብ የራሱ ሕግ ያለው መንፈሳዊ ሥርዓት እንጂ ጭፈራ አይደለም። ሆኖም የጎንደር ልጅ ምት፣ ዝግታና ፍጥነት ምን እንደሆኑ ገና በልጅነቱ ከሁለቱም በኩል ሲሰማ ያድጋል።

የሚጨፈርበት ጊዜና ቦታ

ጎንደር ከተማ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ1628 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ሰሜን በወገራና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደጋው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የስሜን ተራሮች መግቢያ ናት። ከጎንደር በስተደቡብ የጣና ዳር ደምቢያ፣ በስተምዕራብ ጭልጋ፣ በስተሰሜን ምዕራብ አርማጭሆ ይገኛሉ። በዚህ ሁሉ አካባቢ የሚጨፈረው እስክስታ እርስ በርሱ ይቀራረባል፤ የአገሩ ሰው ግን ጨፋሪው ከየት እንደመጣ ከትከሻው እንደሚያውቅ ይናገራል።

ጭፈራው በዓመት ውስጥ የራሱ ወቅት አለው። በዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት ይቆማል። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ፣ በተለይ የጥር ወር፣ እህል ተሰብስቦ የሚያልቅበትና ሠርግ የሚበዛበት ስለሆነ ዋናው የጭፈራ ወቅት ነው። በሠርግ ጊዜ ዳስ ይጣላል፤ ሚዜዎችና ዘመድ አዝማድ በዳሱ ውስጥ ክብ ሠርተው በየተራ ወደ መሐል ይገባሉ።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የጥምቀት በዓል ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፤ ጥር 11 ቀን ጥምቀቱ ይከበራል። ካህናቱና ሊቃውንቱ በሥርዓታቸው ሲያሸበሽቡ፣ ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች ደግሞ ዱላቸውን ይዘው በየቡድናቸው እየጨፈሩ ከተማዋን ይሞላሉ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንደሚባለው፣ በዚያ ቀን ልብስም ጭፈራም የሚታይበት ጊዜ ነው። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የጥምቀት በዓልም እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

አዝማሪና ምት

የጎንደር እስክስታ ያለ አዝማሪ ብዙም አይታሰብም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይመታል። ማሲንቆ አንድ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ክር፣ በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ገላና ደጋን የመሰለ መምቻ ያለው መሣሪያ ነው። አዝማሪው ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው በዜማ ተቀብሎ ይመልሰዋል። እያወደሰም እየነካካም ሰውን ከመቀመጫው ያስነሣል። የተነሣውም ሰው ምላሹን በትከሻው ይሰጣል። በዚህ መሠረት እስክስታ በገጣሚውና በጨፋሪው መካከል የሚደረግ ንግግር ነው ማለት ይቻላል።

ለጭፈራው በብዛት የሚያገለግለው ምት «ችክችካ» ይባላል። ምቱ በስድስት ይቆጠራል፤ ጆሮ ግን ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት አድርጎም፣ ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት አድርጎም ሊሰማው ይችላል። ከበሮውና ጭብጨባው አንዱን ሲይዙ፣ ጨፋሪው ትከሻውን በሌላው ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። እስክስታ ለተመልካች የሚያስገርምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እግርና ትከሻ በተለያየ አቆጣጠር እየሄዱ በመጨረሻው ምት ላይ ይገናኛሉ።

የአዝማሪ ሙያ በአንድ በኩል ተወዳጅ፣ በሌላ በኩል የተናቀ ሆኖ ኖሯል። «አዝማሪ» የሚለው ስም እንደ ስድብ ያገለገለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን የቃላቸው ኃይል በጠላት ዘንድ እንኳ ታውቋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ በኋላ፣ እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎች ወሬና አመፅ ያዛምታሉ ተብለው ከጠንቋዮች ጋር እየታደኑ እንዲገደሉ ትእዛዝ ተሰጥቶ ነበር።

እስክስታ በሰውነት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

የትከሻ አሠራር ጭፈራውን ለመረዳት ቁልፍ ነው። በጀርባ በኩል ያለው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ከደረት አጥንቶች ጋር የሚገናኘው ከአንገት በታች በአግድም በተዘረጋው ቀጭን አጥንት በኩል ብቻ ነው። በቀረው ቦታ ሁሉ የተያዘው በጡንቻ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በነፃነት ይንሸራተታል። የእግር መጋጠሚያ የሆነው ዳሌ ግን ከአከርካሪ ጋር አጥብቆ የተያያዘ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነፃነት የለውም።

የላይኛው የጀርባ ጡንቻ ትከሻውን ወደ ላይ ይስባል። በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ያለው ጡንቻ ወደ አከርካሪ ያቀርበዋል። ከጎን አጥንት የሚነሣው ጡንቻ ደግሞ ወደ ፊት ይገፋዋል። እስክስታ እነዚህን ጡንቻዎች በፍጥነት በየተራ ማሠራትና ማላላት ነው። ጡንቻው ካልላላ የሚቀጥለው ምት አይመጣም። ልምድ ያለው ጨፋሪ ብዙ ሰዓት የሚቆየው ከሌላው ይልቅ ጉልበት ስላለው ሳይሆን፣ በሁለት ምቶች መካከል ማረፍን ስለሚያውቅበት ነው።

እስትንፋስም የጭፈራው አካል ነው። ጨፋሪዎች በጥርሳቸው መካከል «እስ! እስ!» እያሉ አየር በምት ያስወጣሉ። ይህ ድምፅ ምቱን ያጠናክራል፤ ደረቱም እንዳይቆለፍ ያደርጋል። በደጋው አየር ስስ ስለሆነ፣ ከቆላ ለመጣ ጀማሪ የእስትንፋሱ ነገር ይበልጥ ይታወቀዋል።

እስክስታ በትከሻ ብቻ አያበቃም። አንገት ወደ ፊትና ወደ ጎን ይሰበቃል፤ ደረት ይነፋል፣ ይሰበሰባል፤ ጉልበት እየታጠፈ ጨፋሪው ትከሻውን ሳያቋርጥ ወደ መሬት ዝቅ ይላል። ወንዶች ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው ወይም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይጨፍራሉ። የሴቶች ሹሩባና የወንዶች ጎፈሬ፣ የነጠላው ጫፍና የቀሚሱ ዘርፍ እንቅስቃሴውን ከሰውነት ውጪ ያራዝሙታል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ገጥመው አንዱ የሌላውን ትከሻ እየተከተለ መመላለስ ደግሞ ከጭፈራው ሁሉ የሚወደደው ክፍል ነው።

ፖፒንግና ሎኪንግ

ፖፒንግና ሎኪንግ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዙሪያ የተስፋፉ ሁለት የተለያዩ ጭፈራዎች ናቸው። በኋላ በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ከተወለደው የሂፕ ሆፕ ባህል ጋር ተቀላቅለው በአንድ ስም ቢጠሩም፣ መነሻቸው «ፈንክ» የሚባለው ሙዚቃ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ሁሉንም «ብሬክ ዳንስ» ይላቸዋል። በእርግጥ ግን መሬት ላይ የሚሽከረከረው ብሬኪንግ ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ነው።

ሎኪንግን የፈጠረው የሎስ አንጀለሱ ዶን ካምቤል ነው። በዘመኑ የነበረውን ጭፈራ ሲሞክር እጁን በመሐል ያቆም ስለነበር፣ ያ መቆም ራሱ ስልት ሆነ። ሎኪንግ ማለት በፈጣን እንቅስቃሴ መካከል በድንገት ቆልፎ መቆምና ወዲያው መቀጠል ነው። ጣት መጠቆም፣ አንጓን ማሽከርከር፣ ከተመልካች ጋር እጅ መመታታትና ማሳቅ መለያዎቹ ናቸው። ካምቤልና ጓደኞቹ «ዘ ሎከርስ» በሚል ስም የቡድን ጭፈራ አቋቁመው በቴሌቪዥን ታወቁ።

ፖፒንግ የሚያያዘው ከፍሬዝኖ ከተማው ቡጋሉ ሳም ጋር ነው። እርሱ የመሠረተው «ኤሌክትሪክ ቡጋሉስ» የተባለው ቡድን ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስልቱን አስፋፋ። ፖፒንግ ማለት የክንድን፣ የጭንን፣ የደረትንና የአንገትን ጡንቻ በምቱ ላይ በድንገት ጨብጦ ወዲያው መልቀቅ ነው። ይህ ሰውነቱ በኤሌክትሪክ የተነካ ያስመስለዋል። በ1984 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ብሬኪን» የተሰኘው ፊልም ሁለቱንም ስልቶች በዓለም ዙሪያ ለሚገኙ ወጣቶች አሳየ። ከዋና ተዋንያኑ መካከል ሻባ ዱ የሎኪንግ፣ ቡጋሉ ሽሪምፕ የፖፒንግ ጨፋሪዎች ነበሩ።

መመሳሰልና ልዩነት

ሦስቱንም የሚያገናኛቸው አንድ ችሎታ ነው፤ እርሱም የቀረውን አካል አሳርፎ አንዱን ክፍል ብቻ ማንቀሳቀስ ነው። ፖፒንግ የሚማር ሰው ለብዙ ሳምንታት ደረቱን ከትከሻው፣ አንገቱን ከደረቱ ለይቶ ለማንቀሳቀስ ይለማመዳል። የጎንደር ልጅ ይህንኑ ትምህርት ስም ሳይሰጠው በዳስ ውስጥ ይማረዋል። ክብ ሠርቶ አንድ በአንድ ወደ መሐል መግባት፣ ፊት ለፊት መግጠም፣ በተመልካች ጩኸት መበረታታትም በሁለቱም ዘንድ አለ።

ልዩነቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ፖፒንግ በአንድ ምት አንድ ጊዜ ይጨብጣል፤ እስክስታ በአንድ ምት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሎኪንግ ቆሞ ይታያል፤ በእስክስታ ማቆም ግን ምቱ ሲያልቅ የሚመጣ አጭር ማሳረፊያ ነው። የፖፒንግ ሙዚቃ በአራት ይቆጠራል፤ ችክችካ በስድስት። ፖፒንግ አብዛኛውን ጊዜ በተቀዳ ሙዚቃ ይጨፈራል። በእስክስታ ግን አዝማሪው ጨፋሪውን እያየ ምቱን ያፈጥናል፣ ያዘገያል፣ ስሙንም ጠርቶ ያወድሰዋል።

«ሃርለም ሼክ» የሚባለው የኒው ዮርክ ጭፈራ ትከሻን ስለሚያንቀጠቅጥ ከእስክስታ የተወሰደ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጭፈራው በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሃርለም ሰፈር የተጀመረ ሲሆን፣ የሚያያዘውም «አል ቢ» በመባል ከሚታወቅ የሰፈሩ ነዋሪ ጋር ነው። ከኢትዮጵያ መወሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበም። ሁለት ሕዝቦች አንድ ዓይነት የትከሻ አጥንት ስላላቸው፣ ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ ጭፈራ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

እንዴት ይለመዳል?

በባህሉ እስክስታ በመምህር አይሰጥም፤ ልጅ ከእናቱ፣ ከአክስቱና ከጎረቤቱ እያየ ይይዘዋል። በአዋቂነቱ ወይም ከአገር ውጪ የሚማር ሰው ግን ነገሩን ከፋፍሎ ቢይዘው ይቀልለዋል። የሚከተለው ቅደም ተከተል የፖፒንግ ተማሪዎች ከሚጠቀሙበት የመለያየት ልምምድ ጋር የሚቀራረብ ነው።

አንደኛ፣ አቋቋም ነው። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፤ ጉልበት በትንሹ ይላላል፤ እጅ ወገብ ላይ ይቀመጣል። እጅ ወገብ ላይ መሆኑ ክርን እንዳይወዛወዝ ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ሁለቱን ትከሻ በአንድነት ወደ ላይ አንሥቶ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው። ትከሻው በራሱ ክብደት ይውደቅ እንጂ በጉልበት አይወርድም። ይህን መልቀቅ ያልለመደ ሰው የቀረውን አይችለውም።

ሦስተኛ፣ ትከሻን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ በመጀመሪያ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ቀጥሎ አንዱ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ወደ ኋላ። በዚህ ጊዜ ወገብና ራስ ዝም ማለት አለባቸው። በመስታወት ፊት መለማመድ ራስ መወዛወዙንና አለመወዛወዙን ያሳያል።

አራተኛ፣ ማሳነስና ማፍጠን ነው። እንቅስቃሴው ሰፊ ሆኖ ፈጣን ሊሆን አይችልም። ተማሪው መጠኑን ወደ ጥቂት ጣት ስፋት ሲያሳንሰው ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል። ከመጀመሪያው በፍጥነት መጀመር የብዙ ጀማሪዎች ስህተት ነው፤ ትከሻቸው ይደርቅና እጃቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

አምስተኛ፣ እስትንፋስን ማስገባት ነው። በየምቱ «እስ» ብሎ ትንሽ አየር ማስወጣት ትንፋሽ እንዳይታፈን ያደርጋል።

ስድስተኛ፣ ምትን መያዝ ነው። በመጀመሪያ ሙዚቃውን ቁጭ ብሎ በጭብጨባ መከተል፣ ቀጥሎ በእግር መርገጥ፣ በመጨረሻ እግርን ሳያቋርጡ ትከሻን መጨመር ይመረጣል። ስንኙ ሲያልቅ ማሳረፍን አለመርሳት ነው።

ሰባተኛ፣ አንገት ነው። አንገት መስበቅ በዝግታ መለመድ አለበት። በኃይል መቀንጠስ የአንገት ጡንቻን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሕመም የተሰማው ሰው ወዲያው ቢያቆም ይሻላል።

የመጨረሻው ሌላ ሰው ነው። ብቻውን የለመደ ሰው ትከሻውን ይዟል እንጂ እስክስታን ገና አልያዘም። ከፊቱ የቆመው ሰው ሲያፈጥን ማፍጠን፣ ሲወርድ መውረድ፣ ሲያሳርፍ ማሳረፍ የሚማረው ገጥሞ ሲጨፍር ነው።

ከዳስ ወደ መድረክ

እስክስታ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መድረክ ወጣ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር በኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ ባህላዊ ዘፈንና ጭፈራ አቀረበ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ይህንኑ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ደግሞ የየአካባቢውን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ አሰባሰበ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲደራጁ የጎንደሩ «ፋሲለደስ»፣ የጎጃሙ «ግሽ ዓባይ» እና የወሎው «ላሊበላ» ገናና ሆኑ። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ እስክስታ በልምምድ የሚጠና፣ ሁሉም በአንድነት የሚመታው፣ ለተመልካች ፊት ለፊት የሚቀርብ ትርኢት ሆነ።

በአዲስ አበባ ካዛንቺስ ሠፈር ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት የታወቀው መላኩ በላይ እስክስታን ከሌሎች የኢትዮጵያ ጭፈራዎችና ከዘመናዊ ሙዚቃ ጋር አጣምሮ በብዙ አገሮች መድረክ ላይ አሳይቷል። በጎዳና ካደገበት ኑሮ ተነሥቶ በአዝማሪ ቤት በሽልማት እየጨፈረ የቆየ ሰው በመሆኑ፣ የሕይወቱ መንገድ በአሜሪካ ሠፈሮች ከተነሡት የጎዳና ጨፋሪዎች ጋር ይመሳሰላል።

ሌላው መንገድ ወደ እስራኤል ያመራል። ከጎንደር አጠገብ ከምትገኘው ወለቃና ከሌሎች የአካባቢው መንደሮች የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በ«ዘመቻ ሙሴ»፣ በ1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ባጓጓዘው «ዘመቻ ሰሎሞን» ወደ እስራኤል ሄዱ። ትከሻቸውም አብሯቸው ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1995 የጭፈራ ተመራማሪዋ ሩት ኤሼል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ከመጡ ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለ የጭፈራ ቡድን አቋቋመች። በወላጆቻቸው ፊት ጭፈራውን እያፈሩ ትተውት የነበሩ ወጣቶች በዚያ መድረክ ላይ እንደ ክብር መልሰው ያዙት።

ተግዳሮት

በጎንደርና በዙሪያዋ ያለው እስክስታ ዛሬ አልጠፋም፤ የሚማሩበት መንገድ ግን እየተለወጠ ነው። በከተማ ሠርግ የአዝማሪውን ቦታ ኪቦርድና የተቀዳ ሙዚቃ ይዘውታል። የተቀዳ ሙዚቃ ጨፋሪውን አያይም፤ ሲደክም አያዘገይለትም፣ ሲሞቀው አያፈጥንለትም፣ ስሙንም አይጠራውም። በአጫጭር ቪዲዮዎች ደግሞ የሚወደደው በጣም ፈጣኑ ትከሻ ስለሆነ፣ ዝግታው፣ ማሳረፉና መግጠሙ ይቀራሉ። የመድረክ ቡድኖችም ሁሉን በአንድነት ሲያስመቱ የወገራና የደምቢያ፣ የዳባትና የአርማጭሆ ልዩነት ይደበዝዛል።

በዚህ ረገድ ከፖፒንግና ከሎኪንግ አንድ ትምህርት መውሰድ ይቻላል። በእነዚህ ጭፈራዎች ውስጥ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ስም አለው፤ ማን እንደጀመረው፣ በየት ከተማ እንደተጀመረም ይነገራል። ዶን ካምቤልና ቡጋሉ ሳም በስማቸው የሚጠሩት ለዚህ ነው። የጎንደርን እስክስታ እዚህ ያደረሱት ጨፋሪዎች ግን ስማቸው ከሠርጉ ማግስት አልፎ አይሄድም። ዕድሜያቸው የገፋ አዝማሪዎችና ጨፋሪዎች ዛሬም አሉ፤ የየወረዳው ስልት በስሙ፣ በምቱና በባለቤቱ እንዲመዘገብ ከተፈለገ መጠየቅ ያለባቸው እነርሱ ናቸው። ለዚህም ከፍ ያለ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥር ሲመጣ ዳስ ውስጥ ተገኝቶ ሙሉውን ጭፈራ ከመጀመሪያው ዝግታ እስከ መጨረሻው ማሳረፊያ መቅዳት፣ ከዚያም ጨፋሪውን ከማን እንደተማረው መጠየቅና መልሱን ከስሙ ጋር በፈቃዱ መጻፍ በቂ መነሻ ነው።